በብሩሽ ጫፍ የተነበበ ውቅያኖስ

000 የሚል ቁጥር ያለበት የሥዕል ብሩሽ ፀጉሩ ጥቂት ነው። በውሃ ሲርስ ፀጉሩ ተጣብቆ አንድ ሹል ጫፍ ብቻ ይቀራል። የጥንቱን የባሕር ደለል የሚያጠኑ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚገፉት ይህን ብሩሽ ይዘው ነው። ከማይክሮስኮፑ ሥር ጥቁር የተቀባች፣ በመስመር የተከፋፈለች ትንሽ ትሪ ትቀመጣለች። ትሪዋ ላይ የተበተነው ነገር በባዶ ዓይን ሲያዩት ነጣ ያለ አሸዋ ነው። በሌንሱ ሲያዩት ግን አብዛኛው ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረታት በሕይወት ሳሉ የሠሩት የኖራ ዛጎል ሆኖ ይገኛል። አንዱ ዛጎል ከሩብ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ለቃሚው ብሩሹን ያረጥባል፤ ዛጎሉን በጫፉ ነካ ያደርገዋል፤ ተጣብቆ ሲነሳለት ሙጫ ወደተቀባ ስላይድ ያሻግረዋል። ከዚያ ቀጣዩን። ከአንድ ናሙና 300 ያህል ሳይቆጠር ውጤቱ አይታመንም፤ ከአንድ የደለል ዓምድ፣ ማለትም ከባሕር ወለል ተወግቶ ከወጣ ረጅም የጭቃ ዓምድ፣ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ናሙናዎች ይወጣሉ።

ከበረዶ የቀለጠ ውሃ የውቅያኖስን ዝውውር ሊያዳክም፣ በዚህም የአህጉራት ዝናብና ሙቀት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊገለበጥ እንደሚችል ዛሬ እናውቃለን። የዚህ እውቀት መሠረት ከላይ ያየነው የእጅ ሥራ ነው። የኮምፒውተር ሞዴሉም፣ በየጉባኤው የሚታየው ግራፍም ኋላ የመጡ ናቸው። ስለ ውጤቱ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሥራው ጥራት ግን በቂ የተባለ አይመስለኝም፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ደግሞ እሱ ነው።

ከዛጎሎቹ ሁሉ አብልጣ የምትፈለገው ኒዮግሎቦኳድሪና ፓኪደርማ ናት። ያበጡ ክፍሎቿ እየተጠመዘዙ የተያያዙ፣ ገጿ በጥቃቅን ክሪስታሎች የጠጠረ፣ ዙሪያዋ ድብልብል ያለ ዛጎል ናት። ወደ ግራ የምትጠመዘዘው የዋልታን ቀዝቃዛ ውሃ ትወዳለች፤ ወደ ቀኝ የምትጠመዘዘው ዘመዷ ለዘብ ያለውን። ግራና ቀኙን ለይቶ የቆጠረ ሰው የጥንቱን የባሕር ገጽ ሙቀት ለካ ማለት ነው። ችግሩ ዛጎሏ ሁለት ፊት ያላት መሆኑ ላይ ነው። በአንደኛው ፊቷ ወደ ግራ የምትዞረው፣ ስትገለበጥ ወደ ቀኝ የምትዞር ትመስላለች። ስለዚህ ለቃሚው አቅጣጫውን ከመናገሩ በፊት የትኛውን ፊት እያየ እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ አፏ ያለበትን ጎን ይፈልጋል፣ ካልታየው በብሩሹ ጫፍ ቀስ አድርጎ ያዞራታል። ይህን በቀን ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ይደግመዋል። ልምድ ያለው ሰው በፍጥነት ያደርገዋል፤ የሚከበረው ግን ሲደክመውም ዛጎሏን ማዞሩን የማይተወው ነው።

ከለቀማው በፊት ያለው ሥራ አጭር ቢሆንም ስስ ነው። ከዓምዱ በሴንቲሜትር እየተለካ የተቆረጠው ጭቃ በቀስታ በሚፈስ ውሃ 63 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይታጠባል። ውሃው ከበረታ ስስ ዛጎሎች ይሰበራሉ፤ ከሳሳ ሸክላው ቅንጣቶቹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ወንፊቱ በናሙናና በናሙና መካከል በደንብ ካልጸዳ ደግሞ የ20,000 ዓመቱ ዛጎል የ15,000 ዓመቱ ትሪ ላይ ይገኛል። የቀረው አሸዋ ደርቆ፣ ተመዝኖ፣ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ተከቶ ስሙ ይጻፍበታል።

ከስሞቹ አንዱን ልጥቀስ፦ ቪ23-81። ቬማ የምትባለው የምርምር መርከብ በ23ኛ ጉዞዋ ያወጣችው 81ኛው የደለል ዓምድ ማለት ነው። ቬማ የኒው ዮርኩ የላሞንት ምርምር ማዕከል መርከብ ነበረች። የማዕከሉ መሥራች ሞሪስ ዩዊንግ በየቀኑ፣ የትም ይሁኑ የት፣ አንድ ዓምድ እንዲወጣ ያዝዝ ነበር። ብዙዎቹ ዓምዶች ሲወጡ ምን እንደሚጠየቁ ማንም አያውቅም ነበር። ተጠቅልለው፣ ተመዝግበው፣ በመደርደሪያ ተቀመጡ። ቪ23-81ም ለዓመታት ቆይቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአየርላንድ በስተምዕራብ ያለው ባሕር የበረዶ ዘመኑን ድንገተኛ ለውጦች እንዴት እንዳሳለፈ መሰከረ። መዝገቡን በጥንቃቄ የጻፈው የመርከብ ሠራተኛ ሥራው ምን ላይ እንደዋለ ሳያይ ቀርቶ ይሆናል፤ ድርሻው ግን የሳይንቲስቶቹን ያህል ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በ1988 ጀርመናዊው ሃርትሙት ሃይንሪክ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ድራይዛክ በሚባለው የባሕር ውስጥ ተራራ አካባቢ ከወጡ ዓምዶች ያገኘውን አሳተመ። ቅንጣቶቹን በዓይነት እየለየ ሲቆጥር የለመደው ድርሻ በተወሰኑ ቦታዎች ይገለበጥበታል። ዛጎሎቹ ይሳሳሉ፣ በአንዳንዱ ንብር ጨርሶ ሊጠፉ ይደርሳሉ፤ የቀሩትም ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ግራ የሚጠመዘዙት ናቸው። በምትካቸው ጠርዛቸው ያልዶለዶመ የድንጋይ ስባሪዎች ትሪውን ይሞሉታል። ከየብስ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በራቀ የባሕር ወለል ላይ ሸካራ አሸዋና ጠጠር ምን አመጣው? ወራጅ ውሃ እስከዚያ አያደርሰውም፤ ነፋስም አይሸከመውም። የቀረው ተሸካሚ ተንሳፋፊ የበረዶ ግግር ነው። በየብስ ላይ እየተንሸራተተ ድንጋይ ከሥሩ ይፍቃል፣ ተገምሶ ባሕር ይገባል፣ ሲቀልጥ ሸክሙን ይጥላል። ሃይንሪክ ይህ በየጊዜው የተመላለሰ ነገር መሆኑን በቁጥር አሳየ። ዛሬ ክስተቶቹ በስሙ ይጠራሉ፤ ካለፈው የበረዶ ዘመን ስድስቱ ከኤች1 እስከ ኤች6 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል።

የላሞንቱ ጄራርድ ቦንድ ደግሞ ከድንጋዮቹ ላይ አልነሳም አለ። ስባሪዎቹን አንድ በአንድ እያዞረ የትውልድ ስፍራቸውን ጠየቀ። የኖራ ድንጋይና ዶሎማይቱ በካናዳ በኩል ካለው ከሃድሰን ሰርጥ ዙሪያ፣ ጥርት ያለው የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ከአይስላንድ የመጣ ነው። ቀይ የብረት ዝገት የነካውን ኳርትዝም ለብቻው ቆጠረው፤ ቅንጣቱ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ትንሽ ብትሆንም ልትታለፍ አይገባም። የ1992ቱ ጽሑፉ ከሃይንሪክ ንብሮች የብዙዎቹ ኖራ ድንጋይ ከሃድሰን ሰርጥ በኩል እንደመጣ አሳየ። የንብሮቹ ውፍረትም ይህንኑ ይመሰክራል፦ በላብራዶር ባሕር ግማሽ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ሲጠጋ ወደ ጥቂት ሴንቲሜትር ይሳሳል። በዓመቱ ደግሞ ቦንድ በቪ23-81 ውስጥ የቆጠራቸውን የግራ ዛጎሎች ከግሪንላንድ በረዶ ከተነበበው የሙቀት መስመር ጎን አስቀመጣቸው። አንዱ ከውቅያኖስ ጭቃ፣ ሌላው ከሦስት ኪሎ ሜትር ከሚጠልቅ በረዶ የወጡ ሁለት መዝገቦች አንድ ዓይነት ታሪክ ተናገሩ፤ ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ እየገባ፣ ሙቀቱ ግን በድንገት እየተመለሰ።

ከዚህ ለውጥ ጀርባ ያለው የውቅያኖስ ዝውውር አሠራር ለመግለጽ ብዙ ቃል አይፈልግም። የአትላንቲክ ጨዋማና ሞቃት ውሃ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ በግሪንላንድና በኖርዌይ አካባቢ ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ጨውና ብርድ ሲያከብዱት ይሰጥማል፣ በጥልቁ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ከ2004 ጀምሮ ራፒድ የተባለው ፕሮጀክት በ26.5 ዲግሪ ሰሜን፣ ከባሃማስ እስከ አፍሪካ ዳርቻ ድረስ ከወለሉ በገመድ በቆሙ መሣሪያዎች ይህን ዝውውር ይለካል። አማካዩ በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ የዓለም ወንዞች ሁሉ ተደምረው የዚህን አንድ ዐሥረኛ አይሞሉም። ከበረዶ የቀለጠ ውሃ ጨው የለውም፤ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ የሚሰጥመውንም ውሃ ከመስጠም ያግደዋል። አሜሪካዊው ሄንሪ ስቶመል በ1961 በጥቂት እኩልታዎች እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ ዝውውር ሁለት የተረጋጋ ሁኔታ ሊኖረው ይችላል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገርም በዝግታ ላይሄድ ይችላል።

ዛጎሎቹ የባሕሩ ገጽ እንደቀዘቀዘ ይናገራሉ። ጥልቁ ውሃ መዳከሙን ግን በቀጥታ አይናገሩም። እዚህ ላይ ነው ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነካው ሥራ የሚመጣው። በ2004 ጄሪ ማክማነስና ባልደረቦቹ ከቤርሙዳ ከፍታ፣ 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚጠልቅ ወለል በወጣ ዓምድ ላይ የዝውውሩን ፍጥነት ለመለካት ሁለት ብርቅ ንጥረ ነገሮችን ተጠቀሙ። ባሕር ውስጥ የሟሟው ዩራኒየም በየትኛውም ስፍራ መጠኑ ተቀራራቢ ነው፤ ሲበሰብስ ቶሪየም 230ና ፕሮታክቲኒየም 231 ይወልዳል። የሁለተኛው ከአንደኛው ጋር ያለው የውልደት ምጣኔ 0.093 ነው፤ የትም ቢሆን አይለወጥም። ከተወለዱ በኋላ ግን ጠባያቸው ይለያያል። በአንድ አውቶቡስ እንደተሳፈሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ቶሪየም በመጀመሪያው ፌርማታ ይወርዳል፣ በአካባቢው በሚዘንበው ብናኝ ላይ ተጣብቆ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ወለል ይደርሳል። ፕሮታክቲኒየም ከመቶ ዓመት በላይ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ጥልቁ ጅረትም ወደ ደቡብ ይዞት ይነጉዳል። ጅረቱ ብርቱ ሲሆን በሰሜን አትላንቲክ ወለል ላይ የሚቀረው ፕሮታክቲኒየም ከውልደት ምጣኔው በእጅጉ ያንሳል። ጅረቱ ከቆመ ሁለቱም እዚያው ይወርዳሉ፣ ምጣኔውም ወደ 0.093 ይጠጋል።

ሐሳቡ ያማረ ነው፤ የእጅ ሥራው ደግሞ ከሐሳቡ አያንስም። ጭቃው በብርቱ አሲዶች እስከ መጨረሻው ቅንጣት ይሟሟል። መጠኑ በትክክል የታወቀ ሌላ አይሶቶፕ እንደ መለኪያ ይጨመርበታል። ለፕሮታክቲኒየም የሚጨመረው ፕሮታክቲኒየም 233 ግማሽ ዕድሜው 27 ቀን ብቻ ነው። መለኪያው ራሱ በእጅ ላይ እያለቀ ነው ማለት ነው! ስለዚህ ትኩስ ተዘጋጅቶ፣ መጠኑ በሥራው ጊዜ ታርሞ ይሰላል። ቀጥሎ ሁለቱ ንጥረ ነገሮች በኬሚካል ዓምዶች ተለያይተው በማስ ስፔክትሮሜትር ይለካሉ። ይህም ሆኖ ቁጥሩ ገና ጥሬ ነው። በድንጋይ ብናኙ ውስጥ ከነበረው ዩራኒየም የተወለደው ይቀነሳል፤ ከተቀበሩ ወዲህ የበሰበሰው ይመለሳል፤ ቶሪየም 230 በ75,600 ዓመት፣ ፕሮታክቲኒየም 231 በ32,800 ዓመት ገደማ ይገመሳሉና። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ምጣኔ ከ17,500 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ፣ በኤች1 ዘመን፣ የውልደት ምጣኔውን ሊነካ ተቃርቦ ተገኘ። ዝውውሩ ከሞላ ጎደል ቆሞ ነበር ማለት ነው። ከ12,900 እስከ 11,700 ዓመት በፊት በነበረው ያንገር ድርያስ በተባለው ብርድ ዘመን ደግሞ በከፊል ተዳክሞ ታየ።

ሌሎች ሳይንቲስቶች ዝም ብለው አልተቀበሉትም። ዳያቶም የሚባሉት ጥቃቅን አልጌዎች የሲሊካ ቅርፊት ፕሮታክቲኒየምን አጥብቆ ይስባል፤ ምጣኔው ከፍ ያለው ጅረቱ ስለቆመ ነው ወይስ ዳያቶም ስለበዛ? ብለው ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚሠራ ጥንቁቅ ሥራ ሲሊካውንም አብሮ ይለካል፣ ከአንድ ዓምድ ይልቅም የብዙ ዓምዶችን ምጣኔ ያስተያያል።

ወለሉ ራሱም ያታልላል። ትሎች ጭቃውን ይቆፍራሉ፣ ላይኛውን ከታችኛው ያደባልቃሉ። ደለል በሺህ ዓመት ሁለት ሴንቲሜትር በሚከማችበት ቦታ አንድ የመቶ ዓመት ለውጥ በትሎቹ ተበጥብጦ ይጠፋል። ማክማነስ የቤርሙዳን ከፍታ የመረጠው ለዚህ ነው፤ ጅረቶች ብዙ ሸክላ ስለሚያከማቹበት ንብሩ ወፍራም፣ ጊዜውም የተዘረጋ ነው። የት እንደሚቆፈር ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው።

የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተነበበው ከኛው ጣና ነው። ነገሩ ከዚያም ቀደም ብሎ በስምጥ ሸለቆ ተጀምሯል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ የፈሰሱበት ዘመን ነበር፤ የድሮ የሐይቅ ዳርቻዎቻቸውን የለኩ ተመራማሪዎች የውሃው ከፍታ በድንገት ይወርድ እንደነበር አዩ። በ1990 አሌይን ስትሪት ፔሮትና አላን ፔሮት ይህን የሐሩር ክልል ድርቅ ከአትላንቲክ ዝውውር ጋር አያያዙት። የጣናው ጥናት በ2007 ታተመ፤ ሄንሪ ላም የመሩት ሲሆን ከአዘጋጆቹ መካከል ሞሐመድ ዑመርና እሸቴ ደጀን ይገኙበታል።

በጀልባ ላይ ሆነው ድምፅ ወደ ሐይቁ ወለል ላኩ፤ ከደለሉ ሥር ድምፁን አጥብቆ የሚመልስ ንብር አገኙ። በዳርቻው ቆፍረው ሲያወጡት ያ ንብር የጠጠረ ደለል ነው፣ ውሃ ርቆት ፀሐይ የመታው መሬት። በላዩም ወራጅ ውሃ የቦረቦራቸው መውረጃዎች አሉ። የሐይቁን ጥልቅ ስፍራ ደግሞ ወጉት። ከዓምዱ ግርጌ፣ ከተጠቀጠቀው ደለል ላይ፣ ያገኙት የእፅዋት ብስባሽና ጥልቀት በሌለው ውሃ በእፅዋት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ዳያቶሞች ነው። ዛሬ በሐይቁ ዳር የሚበቅለው፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የመሐል ጣና ረግረግ ነበር። ከዚያ ወደ ላይ ሲሄዱ ጨው የሚወዱ ዳያቶሞች ይመጣሉ፤ ውሃው እየሞላ ነው፣ መውጫ ግን አላገኘም፣ በትነት ጨዋማ ሆኗል። 14,750 ዓመት ላይ ሲደርሱ ጨው ወዳዶቹ በአንዴ ይጠፋሉ። ጣና ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ።

የደረቀበት ዘመን ከኤች1 ጋር ይገጥማል። በዚያው ዘመን ቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቆ ነበርና ናይል ወቅት እየጠበቀ የሚፈስ ወንዝ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሰሜን አትላንቲክ ሲቀዘቅዝ የሐሩር ክልሉ ዝናብ ይዳከማል፣ የዝናቡ መቀነትም ወደ ደቡብ ይሸሻል የሚለው ማብራሪያ በሞዴሎችም ይደገፋል። የክረምት ዝናባችን በላብራዶር በረዶ ሊነካ የሚችል መሆኑን የደንገል ብስባሽና የዳያቶም ቅርፊት ማስረዳታቸው፣ ለኔ ከየትኛውም የአየር ንብረት ዜና የሚበልጥ ነገር ነው። ዳያቶም ከፎራሚኒፌራም ያንሳል፤ በብሩሽ አይነሳም። በአንድ ሺህ እጥፍ ማጉላት ቅርፊቱ ላይ ያሉት መስመሮች ተቆጥረው ነው ዝርያው የሚለየው።

በ2015 ደግሞ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ባርከርና ባልደረቦቹ የታሪኩን ቅደም ተከተል ጠየቁ። የበረዶ ግግሮቹ መጥተው ነው ባሕሩ የቀዘቀዘው ወይስ ባሕሩ ቀዝቅዞ ነው ግግሮቹ የመጡት? ሁለት የተለያዩ መዝገቦችን ማስተያየት እዚህ አይበቃም፤ ዕድሜያቸው ሲለካ የሚፈጠረው ስሕተት ከሚፈለገው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። መልሳቸው ለሥራው ክብር የሚሰጥ ነበር። ከአይስላንድ በስተደቡብ በተቆፈረ በአንድ ዓምድ፣ በዚያው ናሙና፣ በዚያው ትሪ ላይ ሁለቱንም ቆጠሩ፦ የግራ ዛጎሉንና በረዶ ያመጣውን ድንጋይ። ሁለቱ ከአንድ ሴንቲሜትር ጭቃ ስለወጡ የዕድሜው ስሕተት የቅደም ተከተሉን ነገር አይነካም። ዓምዱን እስከ 440,000 ዓመት ድረስ ወርደው ቆጠሩት። በአብዛኛው ቅዝቃዜው ቀደመ፤ ድንጋዩ ዘግይቶ መጣ።

ይህ ማለት የቀለጠው ውሃ ሚና የለውም ማለት አይደለም። ግግሮቹ ከደረሱ በኋላ ያፈሰሱት ውሃ ብርዱን አክብዶትና አራዝሞት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ግፊት ከየት መጣ የሚለው ግን ክፍት ሆነ። አንዳንዶች ድንጋይ ሳይሸከም ቀስ እያለ ከበረዶ ክምሮቹ ጠርዝ የፈሰሰ ውሃን ይጠረጥራሉ። እንዲህ ያለ ውሃ ትሪ ላይ የሚቆጠር ስባሪ አይተውም። ሊያጋልጠው ከሚችለው አንዱ በዛጎሉ ኖራ ውስጥ የታሰረው ኦክስጅን ነው፤ ከበረዶ የቀለጠ ውሃ ከባዱ የኦክስጅን አይሶቶፕ ያንሰዋልና። ለዚህም ልኬት ንጹሕ፣ ያልተሰበሩ፣ አንድ ዝርያና አንድ መጠን ያላቸው ዛጎሎች ከየሴንቲሜትሩ መለቀም አለባቸው።